እንደነበረ ይነሣ

በሱፍ ሰፈር ብሎክ ዘጠኝ ጠዋት ከሰው ሁሉ ቀድሞ የሚነቃው ሰርቨሩ ነው። መብራት የሚጠፋበት ፈረቃ የሚያበቃው ጎሕ ሲቀድ ስለሆነ፣ መብራት እንደመጣ ከምድር ቤቱ ኮሚናል የማራገቢያ ድምፅ ይሰማል። ክፍሉ ድሮ ለበዓል በሬ የሚታረድበት ነበር። አሁን በሬ የሚያርድ የለም፤ በሬው በሚወድቅበት ወለል ላይ ሰርቨሩ ቆሟል። ሆኖም በዓል ሲደርስ በዚያ የሚያልፉ ሽማግሌዎች ከልማድ የተነሣ አፍንጫቸውን ወደ መስኮቱ ያስጠጋሉ።

ሰርቨሩ ከተነሣ በኋላ በውስጡ ያደሩትን ወኪሎች ተራ በተራ ያስነሣል። በመንግሥት ወረቀት ላይ ስማቸው ቨርቹዋል ማሽን ነው፤ እንዲያ ብሎ የሚጠራቸው ግን የለም። እያንዳንዱ ቤት አንድ ወኪል አለው። ዳቦ ቤት ተራ የሚይዘው፣ ቀበሌ ሲጠራ አቤት የሚለው፣ ከውኃ ክፍል ጋር የሚጨቃጨቀው፣ ለሩቅ ዘመድ እንኳን አደረሰህ የሚለው እሱ ነው። ለባለቤቱ የቀረው መብላት፣ መተኛትና መታመም ነው። በየበሩ ጉበን ላይ ትንሽ አረንጓዴ መብራት አለች፤ ከበራች ወኪሉ ነቅቷል ማለት ነው። ጎረቤት ከጎረቤት ደረጃ ላይ ሲገናኝ «እንዴት አደርሽ?» ይልና መልሱን ሳይጠብቅ ዓይኑን ወደ ጉበኑ ይጥላል።

ሐሴት የምትኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በእሷ ዕድሜ ያሉ ሴቶች ስማቸው ሐሴት፣ ኤልዳና፣ ሶልያና ነው፤ የዛሬ ልጆች የአሮጊት ስም እያሉ ይስቁበታል። ባሏ ኢዩኤል በብርድ ልብስ ፋብሪካው ማሽን ሲጠግን የኖረ ሰው ነበር። ኩላሊቶቹ ከከዱት ወዲህ ቤት ውስጥ ደሙን በማሽን እየታጠበ ይኖራል። በሰፈሩ ኩላሊት የማይታመምበት ቤት ጥቂት ነው፤ ምክንያቱን አጣርቶ የተናገረ ሰው ግን እስካሁን አልተገኘም። እቤት እየመጣች የምታየው ነርስ በመጨረሻ ጊዜ ስትመጣ ሐሴትን ወደ ኩሽና ጠርታ፣ ክንዱ ላይ መርፌ የሚቀበል የደም ሥር እያለቀ መሆኑን ነገረቻት። እጥበቱ ሊሠራ የሚችለው ቢበዛ እስከ ክረምት ነው። ከዚያ በኋላስ ብላ ሐሴት አልጠየቀችም፤ ነርሷም አልጨመረችም።

የቀረው ተራው ነበር። ሆስፒታሉ አዳዲስ ኩላሊቶችን እያበቀለ ለሕመምተኞች እንደየደም ዓይነታቸው በተራ ይሰጣል። ሰኞ ሰኞ ጠዋት የበቀለ ካለ የባለተራው ስም ይጠራል። የሚጠራው ወኪሉ ነው። ሰው ስልክ ሳይሰማ ይቀራል፣ ይረሳል፣ ይዋሻል ተብሎ ሰውን መጥራት ከቀረ ቆይቷል። እስከ እኩለ ቀን አቤት ያላለ ተራው ለሚቀጥለው ይሰጥና እሱ ወደ ጭራ ይመለሳል። በኢዩኤል የደም ዓይነት ከፊት ያለው ኢዩኤል ነበር። ከኋላው ያለው ደግሞ አሻግሬ ነው።

አሻግሬ የሁለተኛ ፎቋ የረድኤት ልጅ ነው፣ ለሐሴትም የክርስትና ልጇ። በአርባ ቀኑ ያቀፈችው፣ ስሙንም የመረጠችለት እሷ ናት። የሰፈሩ ሰው ልጆቹን በቅድመ አያት ስም መጥራት የጀመረበት ጊዜ ነበርና። ልጁ ሃያዎቹን ሳይጨርስ ታመመ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አበልጆች አንድ ተራ ላይ የቆሙ ሴቶች ሆኑ። «ያንቺ ይግባና የኔ ይከተላል» ትላለች ረድኤት፤ «አብረን እንሰለፋለን፣ አብረን እንስቃለን» ትላለች ሐሴት። ሲገናኙ ሌላ ወሬ አልነበራቸውም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ረድኤት እጇ ለዕቃ ስለሚታዘዝ ዕድሩ የሰርቨሩን ክፍል ቁልፍ የሰጠው ለእሷ ነበር። ቁልፉን እንደ ማተብ አንገቷ ላይ አስራ ትዞራለች።

በአንድ ቅዳሜ የረድኤት እናት እማማ ሊዲያ አረፉ። ቀብሩ እሑድ ሆነ።

ድሮ ጎረቤት ሲሞት ሬዲዮ አይከፈትም ነበር አሉ። አሁን ሬዲዮ የሚከፍት ስለሌለ ልማዱ ወደ ወኪል ተዛውሯል። ሬሳ ከቤት ሲወጣ ጎረቤት ሁሉ ወኪሉን ያሳርፋል፤ ሰው እያለቀሰ ወኪሉ ዳቦ ቢያዝ ነውር ነው። ይህ በዕድሩ ደንብ ውስጥ ተጽፎ መግቢያው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ሐሴት ወኪሏን አሳርፋ አታውቅም ነበር፤ ለሌላ ሰው ቀብር ወጥታ ሳታሳርፍ ቀርታ ታውቃለች። ለአበልጇ እናት ግን እንዴት ሆኖ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከመውጣቷ በፊት በሩ ላይ ያለውን ሰሌዳ በእጇ ነካችው፤ መብራቷም ድርግም አለች። እማማ ሊዲያ ቢያዩ ደስ ይላቸው ነበር ብላ አሰበች።

ቤተ ክርስቲያን ሳሉ የከሰዓቱ ፈረቃ ደርሶ መብራት ጠፋ፤ ሰርቨሩም እንደ ወትሮው ወኪሎቹን እንዳሉ አስቀምጦ ቆመ። ከቀብር መልስ እጅ ታጥቦ፣ ንፍሮ ተቀምሶ፣ ሰው ድንኳን ውስጥ ተቀመጠ። ሲመሽ ሐሴት ልነሣ አለች። ረድኤትም እጇን ያዘቻት።

«ወኪሌን አሳርፌው ነበር» አለቻት ሐሴት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ነገ ሰኞ አይደል? መብራት ሲመጣ እንዳነቃው ቤት ልደር ብዬ ነው።»

ለቅሶ ያሳበጠው የረድኤት ዓይን ሐሴት ላይ ቆየ።

«አታስቢ፣ መብራት ሲመጣ ሁሉም አብሮ ይነሣል» አለቻት። «ሰርቨሩ ያስነሣልሻል። አንቺ ዛሬ ከአጠገቤ አትራቂ።»

ይህን ብላ ጭኗ ላይ ተደፋችና አለቀሰች። ሐሴትም ጀርባዋን እየዳበሰች አብራት አለቀሰች። ኢዩኤል ቅዳሜ ስለታጠበ ደኅና ነበር፤ እሱ ራሱ ነው እደሪላት ብሎ የላካት። ወኪሏ በየማለዳው ያለ እሷ እጅ ሲነሣ ዓመታት አይታለች፤ ይህን ቀን የሚለይ ነገር አለ ብላ ለማሰብ ምክንያት አልነበራትም። ደግሞም የነገረቻት ቁልፉን የያዘችው ሴት ናት። ጎሕ ሲቀድ የማራገቢያውን ድምፅ በድንኳኑ ሸራ በኩል ሰማችና፣ ተመስገን ብላ እንቅልፍ ወሰዳት።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ሰኞ ቀትር ካለፈ በኋላ ለለቀስተኛው ዳቦ ላምጣ ብላ ወጣች። ዳቦ ቤቱ መስኮት ፊት ስትቆም መስኮቱ አልተከፈተላትም። ከኋላዋ ለመጡት ተከፈተ፤ ዳቧቸውን ይዘው ሄዱ፤ ለእሷ ግን ተዘግቶ ቀረ። አንድ ሽማግሌ በአዘኔታ እያዩዋት «ቤትሽ አልነቃም መሰለኝ፣ ልጄ» አሏት። ነጠላዋን ሰብስባ ሮጠች። አራተኛ ፎቅ ስትደርስ በየጉበኑ ያሉት መብራቶች ሁሉ በርተዋል፤ የእሷ ብቻ ጨልማለች።

ሰሌዳውን ነካች። ወኪሏ በገዛ ድምፅዋ፣ ግን እሷ ኖሯት በማያውቅ እርጋታ ተናገረ።

«እንዴት ዋልሽ። እሑድ አሳርፈሽኝ ነበር። ከሆስፒታሉ የመጣ አንድ ጥሪ አልፎኛል።»

ሰርቨሩ ሲነሣ ለምን አብረህ አልተነሣህም ብላ ጠየቀችው። ወኪሉም የብሎኩ ሰርቨር ከመጀመሪያው «እንደነበረ ይነሣ» በሚለው እንደተስተካከለ ነገራት። መብራት ሲጠፋ ነቅቶ የነበረ ሲመጣ ነቅቶ ይነሣል፤ አርፎ የነበረ ያሳረፈው ሰው እጅ እስኪነካው አርፎ ይቆያል። ዕድሩ ነው እንዲህ ያደረገው፤ ሰው ለልቅሶ ብሎ ያሳረፈውን ማሽን እንዳይቀሰቅሰው፣ ለክብር ሲባል።

«ዛሬ ያልተነሡት እነማን ናቸው?»

«እኔ ብቻ።»

«ሌሎቹስ? አሳርፈው አልነበረም?»

«ሌላ ያረፈ አልነበረም።»

ሐሴት አንድ ጥያቄ ቀርቷት ነበር። ልትጠይቀው ፈራች፤ ጠየቀችው።

«የረድኤትስ?»

«የእሷም አላረፈም» አላት ወኪሉ። «እሑድ መብራት እስኪጠፋ ድረስ ነቅቶ ነበር።»

ያን ጊዜ ሐሴት የተሰማትን ለመናገር ንዴት የሚለው ቃል አይበቃም። የገዛ እናቷ ሬሳ ሲወጣ ወኪሏን ያላሳረፈች ሴት፣ ሰው ያሳረፈው ይነሣል ብላ ሳትጠየቅ አረጋገጠችላት። ሐሴት በሩን ሳትከፍት ደረጃውን ወረደች።

ወደ ሆስፒታሉ በእግሯ ሄደች። ተራ ክፍል የተቀመጠችው ልጅ እግር ሴት ሰው በአካል ሲመጣባት ግራ ተጋባች። ጥሪው ለኢዩኤል እንደነበረ፣ አቤት የሚል እንዳልተገኘ፣ ለሚቀጥለው ተላልፎ የአሻግሬ ወኪል ወዲያው እንደመለሰ፣ ረቡዕ ጠዋት ቀዶ ጥገና እንደሚገባ አስረዳቻት። ለኢዩኤል ደም የሚሆን ሌላ መቼ ይበቅላል ስትላት፣ ወደ ላይ ቀና ብላ ከዓመት በፊት እንደማይሆን ነገረቻት። ሐሴት ስለ ልቅሶው ተናገረች። ሴትዮዋ አዘነች። በልቅሶ ምክንያት ያለፈ ተራ ይመለሳል አለቻት፤ ዕድሩ ብሎኩ ወኪሎቹን ማሳረፉን ከመሰከረ፣ ወይም ሐዘንተኛዋ ራሷ ነገሩ የሆነው በእኔ ቃል ነው ካለች። ከቀዶ ጥገናው በፊት መሆን ግን አለበት።

ማክሰኞ ሠልስት ነበር። ሐሴት ረድኤትን ከድንኳኑ ጠርታ ወደ ደረጃው ሥር ወሰደቻት።

«እንደማይነሣ ታውቂ ነበር?» አለቻት።

ረድኤት አንገቷ ላይ ያለውን ቁልፍ ያዘች። «አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ይነሣል ያልሽኝ ለምንድን ነው?»

«አስቤበት አይደለም፣ አበልጄ። በእናቴ ሞት ሰው ላይ ክፋት አላሰብኩም። አንቺው መጥተሽ አሳርፌዋለሁ ስትዪኝ አሻግሬ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። አፌ ነው የተናገረው።»

«ከዚያ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ አጠገቤ ነበርሽ። ልትነግሪኝ ትችዪ ነበር። ጭኔ ላይ ስታለቅሺ የነበረው ምን ሆነሽ ነው?»

«እሱ እውነቴን ነው» አለች ረድኤት።

ሐሴትን ከሁሉ የበለጠ ያቆሰላት ይህ ነበር። የውሸት ለቅሶ ቢሆን እንትፍ ብላባት ትሄድ ነበር። እውነት ከሆነ ግን ያች ሌሊት የሁለቱም ናት፤ ውሸቱን ከለቅሶው ለይታ መጣል አልቻለችም። ሌላ እንደማትጠይቃት ነግራት፣ ይህንኑ ለዕድሩ ሽማግሌዎች ብቻ እንድትናገር ለመነቻት። አሻግሬ ለቀጣዩ ይደርሳል፣ ወጣት ነው፣ እጁ ላይ ሥር አለው አለቻት። ረድኤት አንገቷን ነቀነቀች፤ ሐሴትም እሺ ያለች መስሏት ወደ ድንኳኑ ቀደመች።

የዕድሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ናሆም ናቸው። ሥራ ከተዉ ወዲህ ልብሳቸው ሳይጨማደድ ዕድሩን የሚመሩ፣ በንግግራቸው መካከል ሦስት ጊዜ ጉሮሮ የሚጠርጉ ሰው ናቸው። ነገሩን ሰምተው ድንኳን ውስጥ ያለውን ሰው ዝም አሰኙ፤ እሑድ ሬሳ ሲወጣ ወኪሉን ያሳረፈ ማን እንደሆነ ጠየቁ። ሰው ሁሉ ንፍሮውን አየ። አንዱ መርሳቱን አጉተመተመ፤ አንዲቱ ልጇ እንዳሳረፈው መስሏት እንደነበረ ተናገረች። ሐሴት ዓመቱን ሙሉ ደረጃ ላይ የምትስማቸውን ሰዎች አንድ በአንድ አየቻቸው። ማን ያርዳ የቀበረ፣ ማን ያውራ የነበረ ይባላል፤ ሁሉም ነበሩ፣ ሁሉም ቀብረዋል፣ የሚያወራ ግን ጠፋ።

«እኔም ራሴ አላሳረፍኩም» አሉ ጋሽ ናሆም ጉሮሯቸውን ጠርገው። «ታዲያ ብሎኩ አሳርፏል ብዬ እንዴት እመሰክራለሁ? ሐሰት መመስከር ኃጢአት ነው፣ ወይዘሮ ሐሴት።»

ለእውነት እንዲህ የተጨነቁበት ሌላ ቀን ሰው አያስታውስም። ሐሴት ሌላኛው መንገድ እንዳለ ነገረቻቸው፤ ረድኤት ራሷ ትናገር አለች። ሰው ሁሉ ወደ ሐዘንተኛዋ ዞረ። ረድኤት ጥቁር ሻሿን እስከ ግንባሯ አወረደች።

«እኔ የዚያን ቀን ምን እንዳልኩ አላስታውስም» አለች። «እናቴን የቀበርኩ ሰው ነኝ።»

ከድንኳኑ ጥግ አንዲት ሴት ምስኪን ስትል ተሰማ። ለረድኤት ነው ያለችው። ጋሽ ናሆም ሐዘን ላይ ያለን ሰው እንዲህ ማስጨነቅ እንደማይገባ ለሐሴት በጨዋ ደንብ አስረዷት። ሐሴትም ከድንኳኑ ወጣች። ማንም አልተከተላትም።

ኢዩኤል መስኮቱ አጠገብ ክንዱን ትራስ ላይ አሳርፎ ተቀምጦ ነበር። ሁሉንም ነገረችው፤ ሳታስቀር፣ ሳታለሳልስ። እሱ ሰምቶ ሲጨርስ የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የሄደው ለአሻግሬ ነው ወይ? አዎ ስትለው «እሱስ ልጃችን ነው» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሐሴት በእሱም ተናደደች። ቢጮህ፣ ቢሳደብ፣ ረድኤትን ቢረግም አብራው ትረግም ነበር። እሱ ግን ይቅር ለማለት እንኳ ጊዜ እንደሌለው ሰው ከግድግዳው አልዞረም፤ ትከሻው ብቻ ብርድ እንደያዘው ሲንቀጠቀጥ አየችው። ጋቢውን ደረበችለት። እያለቀሰ እንደሆነ ሁለቱም አልተነጋገሩም።

ረቡዕ ማለዳ ወኪሏ መልእክት አቀበላት። አሻግሬ ቀዶ ጥገና ከመግባቱ በፊት የክርስትና እናቱ እንድትመርቀው ይፈልጋል። እሷን ካላየ አልገባም ብሏል።

ላለመሄድ ወሰነች፤ ጫማዋን አደረገች። መንገዱን ሁሉ ከራሷ ጋር እየተጣላች ሄደች። ለልጁ ልትነግረው አሰበች። ያ ኩላሊት እንደ አባት የሆነልህ ሰው ኩላሊት ነው፣ እናትህ በልቅሶዋ ነጥቃኛለች ልትለው ቃሉን በአፏ አዘጋጀች። አሻግሬን ታውቀዋለች፤ ይህን ቢሰማ ከአልጋው ወርዶ ይሄዳል። ኢዩኤል ይድናል። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር።

አሻግሬ ነጭ አንሶላ ለብሶ ነበር። ሲያያት እንደ ልጅነቱ ፈገግ አለ፤ ፊቱ ግን ገርጥቶ ነበር።

«እማ፣ ወኪሌ የኔ ተራ ደረሰ ሲለኝ አላመንኩም» አላት። «ጋሽ ኢዩኤል ከፊቴ አልነበረም እንዴ? እናቴን ብጠይቃት ዝም አለች። እውነቱን ንገሪኝ፤ የሱ ከሆነ አልገባም።»

አስታማሚዎቹ አልጋውን ለመግፋት ይዘው ቆመዋል። ሐሴት እጁን ያዘች። እጁ ሙቅ ነበር፣ የደም ሥሮቹም ከቆዳው ሥር በግልጽ ይታያሉ። ያን ሁሉ መንገድ ያዘጋጀችው ቃል በአፏ ነበር። በአርባ ቀኑ ስታቅፈው ለእግዚአብሔር ምን ብላ እንደማለች ማንም አላስታወሳትም፤ ማስታወስም አላስፈለገም።

«የሱ ሌላ ነው፣ ልጄ» አለችው። «አንተ ግባ። እንደ ስምህ ያሻግርህ።»

ግንባሩን ሳመችው። አልጋው ተገፍቶ በሩ እስኪዘጋ ድረስ እጁን ከፍ አድርጎ ያያት ነበር።

ረድኤት ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ሐሴት ስታልፍ ወደ እሷ መጣች፤ ሁለት እጇን ዘርግታ ጉልበቷን ልትስም ጎንበስ አለች። ሐሴት ትከሻዋን ይዛ ቀና አደረገቻት።

«ልጁን መርቄዋለሁ። የኢዩኤል ቀብር ላይ ግን እንዳትቆሚ።»